ለየዕለቱ የሚሆን የካሜራ ሌንስ ስለ መምረጥ

ካሜራ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ሩቁንም ቅርቡንም የሚያነሣ ትልቅ ሌንስ ይመኛል። ነገር ግን ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሌንስ ጥቂት ቀን ከተያዘ በኋላ በቤት ይቀራል፤ የሕፃን የመጀመሪያ እርምጃና የአያት ፈገግታ ግን ሌንሱ እስኪመጣ አይቈዩም።

ስለዚህ ለቤተ ሰብ የምንመክረው ትንሹንና ቀላሉን የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። ካኖን የሚሠራው ባለ 1.8 ሌንስ ክብደቱ 160 ግራም ያህል ብቻ ነው። ከካሜራ ጋራ የሚሸጠው የተለመደው ዙም ሌንስ 50 ላይ ሲደርስ መክፈቻው ብዙ ጊዜ ወደ 5.6 ይጠባል፤ ባለ 1.8ቱ ግን ከዚህ 10 እጥፍ ያህል ብርሃን ስለሚያስገባ፣ ማታ ቡና ሲፈላ ያለ ፍላሽ ለማንሣት ይመቻል። ስመ ጥሩው ፈረንሳዊ ፎቶግራፍ አንሺ አንሪ ካርቲየ ብሬሶንም አብዛኛውን ሥራውን የሠራው በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነበር።

የምስል መቀበያው አነስ ያለ፣ ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው ካሜራ ያለው ሰው ግን ይህንኑ እይታ የሚያገኘው በ35 ሚሊ ሜትር ነው። ቤቱ ጠባብ ለሆነ ሰው ከዚህም ሰፋ ያለው ይሻለዋል፤ ሆኖም በሰፊ ሌንስ ፊትን እጅግ ቀርቦ ማንሣት አፍንጫን ስለሚያገዝፍ መጠንቀቅ ይገባል።

ገንዘብ ከማውጣት አስቀድሞ በእጅ ያለውን ዙም ሌንስ አንድ ሳምንት 35 ላይ፣ አንድ ሳምንት 50 ላይ አቁሞ መሞከር መልካም ነው። ከዚህ በኋላ ገዢው ዓይኑ የለመደውን ይምረጥ።