ዳንሱን የገደለው ቨርዥኑ አይደለም

በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን ሞሎች ውስጥ የዳንስ ማሽን የሚያዘወትሩ ሰዎች ዘንድ ሥር የሰደደ አስተያየት አለ፤ «ድሮ ዳንስ ነበር፣ አሁን እርግጫ ሆነ» የሚል። ዋና ምስክራቸው የጃፓኑ ኮናሚ በ1998 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው ዳንስ ዳንስ ሬቮሉሽን (ዲዲአር) ነው፤ ተጫዋቹ በስክሪኑ ላይ የሚወጡትን ቀስቶች እየተከተለ ከእግሩ ሥር ያሉትን አራት ሰሌዳዎች በዘፈኑ ምት የሚረግጥበት ጌም። ቨርዥን በቨርዥን ላይ ሲደረብ ፍጥነቱ ናረ፣ ቀስቱ በዛ፣ ተጫዋቹም ከኋላው ያለውን ብረት ጨብጦ የሚራገጥ ሆነ ይላሉ። አስተያየቱ ከፍቅር የመነጨ ስለሆነ አከብረዋለሁ። ጥፋቱን ግን ጥፋት በሌለበት ነው የሚፈልገው።

ፍጥነቱ መናሩ እውነት ነው። በመጀመሪያው ቨርዥን ያስፈራ የነበረው «ፓራኖያ» የተባለ ዘፈን በደቂቃ 180 ምት ነበረው። በ2001 የወጣው ስድስተኛው ቨርዥን፣ ዲዲአር ማክስ፣ 300 ምት ያለውን «ማክስ 300» ይዞ መጣ። «ዳንሱ ያኔ ሞተ» የሚሉ ሁሉ ጣታቸውን የሚቀስሩት እዚህ ላይ ነው።

ሆኖም ተቺዎቹ የሚዘሉት ነገር አለ። ጭራ ያለው ረጅም ቀስት የመጣው በዚሁ ቨርዥን ነው። ተጫዋቹ ይህን ቀስት ረግጦ ጭራው እስኪያልቅ እግሩን አያነሳም፤ ሌሎች ቀስቶች ግን መምጣታቸውን አያቆሙም። ግራ እግሩ የግራውን ሰሌዳ እንደያዘ ቀኝ እግሩ ወደ ፊት፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ኋላ ይሄዳል። ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ ጥሎ ዳሌውን ካላዞረ አይሆንለትም። በፊተኞቹ አምስት ዋና ዋና ቨርዥኖች ማሽኑ የሚያውቀው መንካትን ብቻ ነበር። ረግጦ ወዲያው ያነሳም፣ ረግጦ የቆየም ለእሱ አንድ ነበሩ። ክብደትን ማሳረፍና በአንድ እግር መዞር ከዳንስ መሠረቶች ናቸው፤ ሁለቱንም ወደ ጌሙ ያስገባው ገዳይ የተባለው ቨርዥን ነው። ቀስቶቹ በስክሪኑ ላይ የሚወጡበትን ፍጥነት ተጫዋቹ ከምርጫ ዝርዝር እንዲመርጥ ያስቻለውም እሱ ነው። የዘፈኑ ምት ሳይነካ ቀስቶቹ ተራርቀው ስለሚታዩ ዓይን ከመጨናነቅ ይድናል።

የነጥብ አሰጣጡም ቢሆን ተቺዎቹን አያግዝም። በመጀመሪያዎቹ ቨርዥኖች ነጥብ የሚያድገው ስህተት ሳይገባ በተከታታይ በተረገጡት ቀስቶች ቁጥር ስለነበር፣ አንዲት ስህተት ያን ሁሉ ልፋት ትበጥሰው ነበር። በ2002 መጨረሻ በወጣው ኤክስትሪም የተባለ ቨርዥን ደግሞ ወደ ዘፈኑ ማብቂያ የሚመጣ ቀስት ከመግቢያው የበለጠ ዋጋ ነበረው። በ2007 የወጣው ሱፐርኖቫ 2 የተባለ ቨርዥን ከፍተኛውን ነጥብ 1,000,000 አድርጎ ለቀስቶቹ ሁሉ እኩል አከፋፈለው። እጁን ዘርግቶ፣ ትከሻውን ሰብቆ አንድ ቀስት ያመለጠው ሰው የሚያጣው የዚያችን ቀስት ዋጋ ነው፤ የቀረው ዘፈን አይበላሽበትም። ለሚደንስ ሰው የቱ እንደሚመቸው መናገር አያስፈልግም።

«የድሮው መላ ሰውነትን ያስደንስ ነበር» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ደካማው ነው። ማሽኑ በ1998ም ሆነ ዎርልድ የተባለው ቨርዥን በወጣበት በ2024 የሚያየው አራት ሰሌዳዎችን ብቻ ነው። እስክስታ የሚወርድ ሰው እግሩን በልኩ ካሳረፈ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ ትከሻው ግን አንዲት ነጥብ አይጨምርለትም፣ አይቀንስበትምም። ኮናሚ ራሱ እጅን ማንበብ ሲፈልግ ይህን ጌም አልለወጠም፤ በ2000 ፓራ ፓራ ፓራዳይዝ የሚባል፣ የእጅ እንቅስቃሴን በሴንሰር የሚያነብ ሌላ ማሽን ሠራ። ወገብና ትከሻ ከመጀመሪያውም የተጫዋቹ ድርሻ ነበሩ። የኮሪያው አንዳሚሮ በ1999 ያወጣው ሌላ የዳንስ ማሽን፣ ፓምፕ ኢት አፕም፣ አንዱን መሀል አራቱን ጥግ ላይ ያደረገበት የአምስት ሰሌዳ አቀማመጡ በ2023ቱ ቨርዥን፣ በፊኒክስም፣ ያው ነው። ቨርዥን ሲቀያየር እግር የሚያርፍበት ቦታ አልተቀየረም።

ታዲያ በሞሎቹ የምናየው እርግጫ ከየት መጣ? እኔ መልሱን የምፈልገው ከሰሌዳው ሥር ነው። የዲዲአር ማሽን በእያንዳንዱ ሰሌዳ አራት ጠርዞች ሥር አንዳንድ ሴንሰር አለው። እነዚህ ሲያረጁ ወይም አቧራ ሲገባባቸው ቀላል እግር አይነበብም። ተጫዋቹ በልኩ ነክቶ «አመለጠህ» ሲባል በሚቀጥለው ይደልቀዋል፤ ሲደልቅ ሚዛኑን ስለሚስት ብረቱን ይይዛል። በአንድ የሻርጃ ጌም ዞን አንዲት ልጅ ሦስቱን ሰሌዳዎች በጣቷ ጫፍ እየነካች የቀኙን ብቻ በተረከዟ ስትመታ አይቻለሁ። ሦስቱም ከተማዎች ለዚህ ዓይነት ጨዋታ እንግዳ አይደሉም፤ ማጂክ ፕላኔት የተባለው ጌም ዞን የሚገኝባቸው ሲቲ ሴንተር ሞሎች በዱባይ ዴይራ በ1995፣ በአጅማን በ1998፣ በሻርጃ በ2001 ነው የተከፈቱት። ጌም ዞን ግን በአመዛኙ የልጆችና የቤተሰብ መዝናኛ ነው። በየቀኑ በስንት ዓይነት ጫማ የሚረገጥ ሰሌዳ በየጊዜው ተከፍቶ ካልተጠረገ፣ ሴንሰሩም ካልተቀየረ፣ የትኛውም ቨርዥን ቢጫንበት እርግጫ ነው የሚያስተምረው። የድሮው ቨርዥን ይመለስልን ብሎ ባለቤቱን ከመለመን የቀኙ ሰሌዳ ይከፈትልን ማለት ይቀድማል።