ገመዱ ሳይበጠስ የተቋረጠ ምስል

ከላምበረት ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው ወሰን ሰፈር፣ እንደ ብዙው የአዲስ አበባ ሰፈር ሁሉ፣ ቴሌቪዥን ቶሎ አይጣልም። ባክላይቱ ሲቃጠል ይቀየራል፣ ፓወሩ ሲበላሽ ይጠገናል። ቤቱ አዲስ ሲገዛ አሮጌው ለልጆች ክፍል ወይም ለዘመድ ይሰጣል። ባሕር ማዶ በጥቂት ኩባንያዎች መካከል የተፈረመ ውል እንዲህ ያለውን ዕቃ ምን እንዳደረገው ግን ለባለቤቱ የነገረው የለም።

ነገሩ የጀመረው በብሉ ሬይ ዲስክ ነው። አይቢኤም፣ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍት፣ ፓናሶኒክ፣ ሶኒ፣ ቶሺባ፣ ዲዝኒና ዋርነር ብራዘርስ ተሰባስበው ፊልም እንዳይገለበጥ ኤኤሲኤስ የተባለ የቁልፍ ሥርዓት አቋቋሙ። ማጫወቻ ማምረት የሚፈልግ ፋብሪካ ቁልፉን ለማግኘት የእነሱን ውል መፈረም ነበረበት። ውሉ እ.ኤ.አ. ከ2011 መጀመሪያ በኋላ የሚመረት ማጫወቻ የተቆለፈ ፊልም በአናሎግ ገመድ ሲያወጣ ጥራቱን ወደ ድሮው ቴሌቪዥን ደረጃ እንዲያወርድ አስገደደ። ከ2013 ማብቂያ በኋላ ለሚመረቱት ደግሞ ይህንኑ የወረደውን ምስል በአናሎግ ማውጣት ጨርሶ ተከለከለ።

የተመታው ኮምፖነንት የሚባለው መስመር ነው። ለምስል አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ፣ ለድምፅ ነጭና ቀይ መሰኪያ ያለው ሲሆን ብዙ ሰው ከተለመደው የኤቪ ገመድ ጋር ያምታታዋል። ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው። የኤቪው ቢጫ ገመድ የድሮውን ጥራት ብቻ ሲያሳልፍ ኮምፖነንት 1080 መስመር ያለውን ምስል ያሳልፋል። ኩባንያዎቹ በኮምፖነንት ላይ ያላቸው ቅሬታ ቁልፍ አይቀበልም የሚል ነው። በኤችዲኤምአይ ገመድ ላይ የኢንቴል ሥራ የሆነው ኤችዲሲፒ አለ፤ ማጫወቻውና ቴሌቪዥኑ ቁልፍ ተለዋውጠው ካልተግባቡ ምስል የለም።

ፕሌይስቴሽን 3ን የተጫወተ የአዲስ አበባ ወጣት ይህን በቀላሉ ይረዳል። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች የብሉ ሬይ ፊልም በኮምፖነንት በከፍተኛ ጥራት ያሳዩ ነበር። ውሉ ሥራ ላይ ሲውል የመጣው የ3000 ተከታታይ ሞዴል ግን ጌሙን በዚያው ገመድ በከፍተኛ ጥራት እያሳየ ፊልሙን ብቻ ዝቅ ያደርገዋል። ማሽኑም ገመዱም ቴሌቪዥኑም ይችላሉ፤ የከለከላቸው ፊርማ ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ሲመጣ ከኤችዲኤምአይ ሌላ የቪዲዮ መውጫ አልነበረውም።

ታዲያ ቅጂው ቆመ? የዲቪዲ ቁልፍ እ.ኤ.አ. በ1999 ተሰብሯል። የብሉ ሬይና የመሰሎቹ ዲስኮች ቁልፍ በ2007 በዓለም ሁሉ ተበትኗል። የኤችዲሲፒ ዋና ቁልፍም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2010 ይፋ ወጥቶ ኢንቴል ራሱ እውነተኛ መሆኑን አምኗል። የአናሎጉ ገደብ ሥራ ላይ ሊውል የቀሩት ጥቂት ወራት ነበሩ። ሆኖም ገደቡ አልተሰረዘም። ገልባጩ ዲስኩን በቀጥታ በኮምፒውተር ሲከፍት፣ ዲስኩን በገንዘቡ የገዛው ሰው ቴሌቪዥን እንዲቀይር ተገደደ።

ይህን ማለት የደራሲንና የአርቲስትን መብት ማቃለል አይደለም። በካሴት፣ በኋላም በቪሲዲ ዘመን የኢትዮጵያ ድምፃውያንና የፊልም ሠሪዎች ልፋት በየመንገዱ ሲቸበቸብ ታይቷል፤ ቁጣቸውም ተገቢ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘፈንና ፊልም ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው ግን በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ነው። አንዱ ፋይል ሲገለበጥ ኮምፖነንት ገመድ የትም አልነበረም። ገልባጭን የሚይዘው የሕግ ቁጥጥር ነው፤ በየሳሎኑ ያለውን መሰኪያ መድፈን ለኢትዮጵያዊው ፊልም ሠሪ ሳንቲም አላስገኘለትም።

ደግሞም የአገሪቱ ሕግ ከውሉ ይልቅ ለተጠቃሚው ይራራል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አንድ ግለሰብ ለግል ጥቅሙ ብቻ አንድ ቅጂ ማዘጋጀቱን ባለመብቱ ሊከለክል እንደማይችል ይደነግጋል። የኢትዮጵያ ፓርላማ ያልተወያየበት የንግድ ውል ይህን ፈቃድ ከመሣሪያው ውስጥ አውጥቶ ጣለው። ሕግ የፈቀደውን ፋብሪካ ሲነሳ ዝም ማለት አይገባም።

አሁን በዲስክ ፊልም የሚያይ ቤት ጥቂት ነው፤ ሥርዓቱ ግን አልሞተም። ኤችዲሲፒ ዛሬም በክፍያ ሪሲቨሮችና በፊልም ማሰራጫ ሳጥኖች ውስጥ ይሠራል። ቪጂኤ ብቻ ያለው የትምህርት ቤት ፕሮጀክተር በመቀየሪያ ቢገናኝም የተቆለፈ ፊልም ላያሳይ ይችላል። መምህሩ ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል፤ ጥገና ቤት ይወስደዋል፤ ገንዘብ ይከፍላል።

የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ይህን አንቀጽ እዚህ ላይ ይጠቀምበት። ቴሌቪዥን፣ ሪሲቨርና ፕሮጀክተር የሚያስገባ ነጋዴ ዕቃው የትኞቹ መሰኪያዎች እንዳሉት፣ በየትኛው መሰኪያ የተቆለፈ ፊልም እንደማያሳይ በካርቶኑ ላይ በአማርኛ እንዲጽፍ ይገደድ። ገዢውም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይህንኑ ይጠይቅ።