ኀዘን ለልጅ አይነገርምን?

ለልጆችና ለወጣቶች ስለሚጻፍ ልብ ወለድ በተነሣ ቁጥር አንድ አባባል ይደመጣል፤ «ሞትና ኀዘን ለልጅ አይነገርም፤ ለልጅ የሚያሻው ተረትና ምክር ነው» ይባላል። አባባሉ ርኅራኄ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ስንፍና ሆኖ ይገኛል። ልጅ ኀዘንን ከመጽሐፍ አይማረውም፤ ኀዘን ቀድሞ ቤቱ ገብቷል። መርዶ ሊነገር ሲል ልጁ ወደ ጎረቤት ይላካል፤ ድንኳኑ ተነቅሎ ለቀስተኛው ሲበተን ግን ባዶውን መደብ የሚያየው እርሱ ነው። እኅትና ወንድም ሌሊት በሹክሹክታ የሚጠያየቁትን አዋቂ ካልመለሰላቸው፣ መጽሐፍም ከሸሸው፣ ማን ይመልስላቸው?

ለእንዲህ ያለው ልብ ወለድ ሐረርን መመልከት ይበቃል። በጀጎል ግንብ ውስጥ ያለው አደባባይ ስሙ ፈረስ መጋላ፣ ማለትም የፈረስ ገበያ ነው። በፈረስ ስማቸው አባ ቃኘው ይባሉ የነበሩት ራስ መኰንን በ1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ሲያርፉ፣ እናቱን ሁለት ዓመት ሳይሞላው ያጣው ተፈሪ ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበር። የአባታቸውን ግዛት የተረከቡት ታላቅ ወንድሙ ይልማም በ1900 ዓ.ም. ሞቱ። የታሪክ መጻሕፍት ከዚያ በኋላ ሐረር ለማን እንደ ተሰጠች ይዘረዝራሉ። ልጁ በመርዶው ማግስት ምን እንደ ተሰማው መፈለግ ግን የልብ ወለድ ደራሲ ድርሻ ነው።

ፈረሱም በታሪኩ ውስጥ ጌጥ አይደለም። በጥንቱ የለቅሶ ሥርዐት የጀግናው ፈረስ ከነኮርቻው በለቀስተኛው መካከል ይመራ ነበር። ባዶውን ኮርቻ ያየ ልጅ ያለ ስብከት ሞትን ይረዳል። በአዊም በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በጥር 23 በዓሉ የዓድዋ ዘማቾችን ብቻ ሳይሆን የፈረሶቻቸውንም ውለታ ያስባል። ፈረስን የሚያስብ ሕዝብ ለልጆቹ የኀዘን መጽሐፍ መንፈጉ የሚያስገርም ነው።

«የማንን ኀዘን እንጻፍ?» የሚል ሌላ ተቃውሞ ይነሣል። ጥያቄው በሐረር እውነተኛ ነው። በ1879 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር የአሚር አብዱላሂን ሠራዊት ጨለንቆ ላይ ድል ሲያደርግ በጀጎል ውስጥም አባት የሌላቸው ልጆች ቀርተዋል። ለጨለንቆ ሰማዕታት ፈረስ መጋላ ላይ መታሰቢያ ተተከለ። ከግንቡ ውጪ ደግሞ አፈወርቅ ተክሌ የሠሩት፣ ራስ መኰንንን በፈረስ ላይ የሚያሳየው ሐውልት ነበረ፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ፈረሰ። አዋቂዎች ኀዘናቸውን በድንጋይ እየተከሉና እያፈረሱ ይሟገታሉ። የድል አድራጊና የተሸናፊ ዕዳ እኩል አይደለም፤ ደራሲ ይህን ቢሸፍን ይዋሻል። የጀጎሉ ልጅና የራሱ ልጅ እንባ ግን በሚዛን አይለካም። ሁለቱን ኀዘኖች በአንድ ልብ ወለድ ጎን ለጎን ያነበበ ወጣት፣ የሌላውን ሙት ሳይሳደብ የራሱን ማልቀስ ይማራል። ከሐውልቶቹ አንዱም ይህን አላስተማረም።

ኤልዛቤት ሌርድ እናታቸው የሞተችባቸውን የአዲስ አበባ ልጆች፣ ማሞንና እኅቱን ትግስትን፣ በ1995 ዓ.ም. ገደማ በታተመ ልብ ወለድ አሳይታለች፤ የጻፈችው ግን በእንግሊዝኛ ነው። የአገሬው ልጅ የራሱን ኀዘን ለማንበብ የሰው ቋንቋ እስኪማር መጠበቅ የለበትም።

ስለዚህ ደራስያን በልብ ወለዱ መጨረሻ ላይ የሚለጥፉትን ምክር ትተው የሞተውን ሰው በስሙ ይጥሩት። አሳታሚዎች «ልጅ ያስለቅሳል» ብለው የእጅ ጽሑፍ አይመልሱ። መምህራንም ልጁ መጽሐፉን ሲዘጋ «ምን ትምህርት አገኘህ?» ከማለታቸው በፊት፣ ዝም ቢል ዝምታውን ይታገሡት። ያ ዝምታ ማንበቡን ይናገራል።