«ስንት ወንበር አገኙ?» ከፓርላማ እስከ ችሎት፣ ስለ መቀመጫ የምንናገርባቸው ቃላት የሚደብቁት ነገር

ምርጫ በመጣ ቁጥር ፊዳችንን የሚያጥለቀልቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስንት ወንበር አገኙ?» እኛም ከዚህ ነፃ አይደለንም። ቁጥሩን ቶሎ ፖስት እናደርጋለን፣ ሼር ይደረጋል፣ ክርክሩ ይጦፋል። ዛሬ ግን ቁጥሩን ለአፍታ ትተን ቃሉን እንይ። ፓርላማ ውስጥም ሆነ ፍርድ ቤት ውስጥ ማን የት እንደተቀመጠ የምንናገርባቸው ቃላት፣ ስለ ሥልጣንና ስለ ፍትሕ በምናስብበት መንገድ ላይ እጃቸው አለበት።

1. ወንበሩ የማን ነው?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫ አለው። አብላጫ ለመያዝ 274 ይበቃል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 56 ላይ መንግሥት የሚመሠርተው አብላጫውን መቀመጫ ያገኘ ድርጅት ወይም ድርጅቶች እንደሆኑ ይናገራል። ስለዚህ ወንበር መቁጠር ስህተት አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው ከወንበር ሌላ ምንም ካልቆጠርን ነው። እኛ ጋ ያለው የምርጫ ሥርዓት በአንድ የምርጫ ክልል ከሁሉም የበለጠ ድምፅ ያገኘ ሰው ወንበሩን ጠቅልሎ የሚወስድበት ነው። እንበልና ሦስት እጩዎች ቀርበው 40፣ 35 እና 25 በመቶ አገኙ። ወንበሩ ባለ 40ው ሄደ። ሌላውን የመረጠው 60 በመቶ ሕዝብ ግን በወንበር ቆጠራው ላይ የለም፤ ዜሮ ነው። ይህ በብዙ ክልሎች ሲደጋገም ደግሞ በድምፅና በወንበር መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል።

የኛን ታሪክ በዚህ ዓይን እዩት። በ1997 ተቃዋሚዎች ከ150 በላይ ወንበር አሸነፉ። በ2002 ከሁለት ወንበር በቀር ሁሉም የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆነ። በ2007 ሁለቱም ጠፉ። በ2013 በሰኔው ምርጫ ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 ወንበሮች ብልጽግና 410 መውሰዱ ተገለጸ። የእነዚህን ምርጫዎች ነፃነትና ፍትሐዊነት በተመለከተ ያለው ክርክር ብዙ ነው፤ እሱን ለብቻው መነጋገር ይቻላል። እዚህ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ «ዜሮ ወንበር» ማለት «ዜሮ ደጋፊ» ማለት አይደለም። ሁለቱን ስናምታታ፣ ያልተወከለውን ሕዝብ እንዳልነበረ እናደርገዋለን።

ሌላም አለ። አንቀጽ 54 አባላቱ የመላው ሕዝብ ተወካዮች ናቸው ይላል። ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ነው። መራጩ አመኔታ ያጣበት ተመራጭ ሊነሳ እንደሚችልም ያስቀምጣል። ታዲያ «ፓርቲው ወንበሩን ወሰደ» ስንል፣ ባለቤቱ ሕዝቡ መሆኑ ከአፋችን ይጠፋል።

2. ግራ፣ ቀኝ፣ መሀል

ዛሬ ኮሜንት ላይ የምንወራወረው «ግራ ዘመም» እና «ቀኝ ዘመም» ከየት መጣ? ከመቀመጫ ነው። በ1789 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ጉባኤው ንጉሡ ሕግ የመሻር መብት ይኑረው አይኑረው ብሎ ተከራከረ። ይኑረው ያሉት ከሰብሳቢው በስተቀኝ፣ አይኑረው ያሉት በስተግራ ተሰባሰቡ። ሰዎቹ አለፉ፣ ወንበሩም ተሰበረ፤ ቃሉ ግን ዓለምን ዞረ።

የሚገርመው፣ አሜሪካ ውስጥ «ግራ» የሚባሉት ዲሞክራቶች በምክር ቤቱ የሚቀመጡት ከአፈ ጉባኤው በስተቀኝ ነው። ቃሉና ወንበሩ ከተፋቱ ቆይተዋል ማለት ነው።

እኛ ጋ ግራና ቀኝ ከፓርላማ በፊት የጦር ሰፈር ቃል ነበር። ግራዝማች የግራ ክንፍ አዝማች፣ ቀኛዝማች የቀኝ ክንፍ አዝማች ነው፤ በማዕረግ ቀኙ ይበልጣል። «መሀል ሰፋሪ» ደግሞ በንጉሡ ድንኳን ዙሪያ የሚሰፍረው ሠራዊት ነበር። በቤተ መንግሥት ፖለቲካ ላይም ድምፁ ይሰማ ነበር። ዛሬ «መሀል ሰፋሪ» ስንባባል ግን «አቋም የለሽ» ብለን መሳደባችን ነው። በአንድ ወቅት የኃይል ቦታ የነበረው መሀል፣ አሁን ሰው የሚያፍርበት ቦታ ሆኗል። ነገር አመዛዝኖ ለመወሰን ጊዜ የሚወስድ ወጣት በዚህ ቃል ስንቴ ዝም ተብሏል?

እንግሊዝ ውስጥ ሚኒስትሮች ፊት ወንበር፣ ተራ አባላት ኋላ ወንበር ይቀመጣሉ። እኛ ትምህርት ቤት ኋላ ወንበር የረባሽ ቦታ ነው አይደል? እዚያ ግን የኋላ ወንበር ተቀማጮች የራሳቸውን መሪ ያስጨንቃሉ። ቦሪስ ጆንሰን በ2022 እ.ኤ.አ. ከሥልጣን ለመውረድ የተገደዱት በገዛ ፓርቲያቸው አባላት ግፊት ነው። የፓርቲው አባል ሁሉ የፓርቲው መሪ ዕቃ አይደለም ማለት ነው።

3. ችሎት ፊት የቆመው ሰው

ፍርድ ቤት ስንገባ ቃላቱ ይለወጣሉ። ዳኞች ተቀመጡ አንልም፤ «ችሎት ተሰየመ» ነው የምንለው። በድሮው የፍርድ ሥርዓት እንዲያውም «ወንበር» ራሱ የዳኛ መጠሪያ ነበር። ሦስት ዳኞች ሲሰየሙ መሀል ያለው ሰብሳቢ ዳኛ ነው፤ በሁለቱ ጎን የቀኝ ዳኛና የግራ ዳኛ አሉ። እዚህ ግራና ቀኝ የፖለቲካ ትርጉም የለውም። የሦስቱም ድምፅ እኩል ነው። የተለየ ሐሳብ ያለው ዳኛም ልዩነቱን በጽሑፍ ያስመዘግባል።

የጠበቆች ማኅበር በእንግሊዝኛ «ባር» የሚባለውም ከመጠጥ ቤት ጋር አይገናኝም። በችሎት አዳራሽ ውስጥ ዳኞችን ከታዳሚው ከሚለየው የእንጨት አጥር የመጣ ስም ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ተከሳሹ የት ነው ያለው የሚለው ነው። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ2014 እ.ኤ.አ. በሩሲያ ላይ በቀረበ ጉዳይ፣ ተከሳሾችን ችሎት ውስጥ በብረት ፍርግርግ አስገብቶ መዳኘት ክብርን የሚያዋርድ አያያዝ ነው ብሎ ወሰነ። ሰው ፍርግርግ ውስጥ የቆመን ሰው ሲያይ፣ ፍርዱ ሳይሰጥ «አደገኛ ነው» ብሎ ይደመድማላ።

እኛ ሶሻል ሚዲያ ላይ የብረት ፍርግርግ የለንም። ቃል ግን አለን። አንድ ሰው በካቴና ታስሮ ችሎት ሲቀርብ ፎቶው ይለቀቃል፣ ከላዩ «ወንጀለኛው ፍርድ ቤት ቀረበ» ተብሎ ይጻፋል። በቃ፣ ያ ሰው ተፈርዶበታል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ግን የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል። ቃላቱም ደረጃ አላቸው፦

▪ ምርመራ ላይ ያለ፦ ተጠርጣሪ
▪ ክስ የተመሠረተበት፦ ተከሳሽ
▪ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያለውና የቀጣው፦ ፍርደኛ

ተከሳሹ ከወር በኋላ በነፃ ቢሰናበት፣ የመጀመሪያውን ፖስት ካዩት ውስጥ ስንቱ ሁለተኛውን ያያል?

ስለዚህ በኛ በኩል ሁለት ነገር ለመጠንቀቅ ወስነናል። የምርጫ ውጤት ስንዘግብ፣ ይፋ እስከሆነ ድረስ ከወንበሩ ጎን የድምፁን ቁጥር እናስቀምጣለን። የችሎት ዜና ስንሠራ ደግሞ ፍርድ ሳይሰጥ ማንንም ወንጀለኛ ብለን አንጠራም። ከተሳሳትን አርሙን።

እናንተስ? ባለፈው ሼር ያደረጋችሁት የችሎት ዜና ላይ ያ ሰው ማን ተብሎ ነበር የተጠራው? ተመልሳችሁ እዩት።