ከኤደን እስከ ጅቡቲ በአንድ ሌሊት

ከየመኗ ኤደን ከተማ ወደ ምዕራብ ወጣ ሲባል፣ በቡሬቃ ወረዳ፣ ብር አሕመድ ይገኛል። ስሙ በዐረብኛ «የአሕመድ የውኃ ጉድጓድ» ማለት ነው። ከዚያ ወደ ባሕሩ ሲወረድ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተከሉት የነዳጅ ማጣሪያ አለ። ከኤደን እስከ ጅቡቲ ያለው ባሕር በቀጥታ ሲለካ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና ከአዲስ አበባ ጅማ ከመሄድ ያንሳል። በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ጫኝ መርከብ ማታ 2 ሰዓት ቢነሳ ጎሕ ሲቀድ ጅቡቲ ይደርሳል።

ይህን የመሰለ የሌሊት ጉዞ ሌላው ዓለም የሽርሽር አካል አድርጎታል። በጣሊያንና በግሪክ መካከል በሚመላለሱ አንዳንድ መርከቦች፣ አልጋና ማዕድ ቤት ያለው መኪና የያዘ ቤተሰብ በሞቃቱ ወራት ክፍት ወለል ላይ መኪናውን አቁሞ እዚያው ያድራል። አስተናባሪው በእጁ እየጠራ ያስገባዋል፤ አባወራው የእጅ ፍሬን ይስባል፣ የጋዝ ሲሊንደሩን ይዘጋል፣ ልጆቹም ብርድ ልብስ ለብሰው ይተኛሉ። በስፔን ወደቦች በኩል ደግሞ በቅርብ ዓመታት ክረምት ወደ ሰሜን አፍሪካ የሚሄደውና የሚመለሰው መንገደኛ ሲደመር ከ3 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። አብዛኞቹ በአውሮፓ ሠርተው የሚኖሩ ሞሮኳውያን ናቸው፤ መኪናቸው ጣሪያ ላይ ፍራሽ፣ ብስክሌትና ሻንጣ ጭነው አገር ቤት ይገባሉ።

በኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ የሚያድረው ኢትዮጵያዊ ግን ከጅቡቲዋ ኦቦክ ወይም ከሶማሊያዋ ቦሳሶ በጀልባ ወደ የመን የተነሳው ነው። ጉልበቱን ደረቱ ላይ አጥፎ ይቀመጣል፤ መነቃነቅ ክልክል ነው፣ ጀልባዋ ትገለበጣለችና። ስሙ በየትኛውም መዝገብ ላይ ስለሌለ ቢሰጥም እናቱ የምትጠይቀው ቢሮ የለም። የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ከ138 ሺህ በላይ ሰዎች በዚህ መንገድ የመን መግባታቸውን መዝግቧል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የመልሱ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ከዚሁ ከቡሬቃ ዳርቻ ወደ ጅቡቲ የተነሳች ጀልባ ከ150 የሚበልጡ ሶማሌዎችንና ኢትዮጵያውያንን ይዛ ተገለበጠች። ቢያንስ 30 ሰዎች ሞቱ። የየመን ጦርነት አንገፍግፏቸው፣ አገሩን ለቀው ሊወጡ የተሳፈሩ ሰዎች ናቸው እንግዲህ። ወደ ቤት ለመመለስም ደላላ መለመን፣ ለደላላ መክፈል ግድ ሆነባቸው!

ስለዚህ ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና የመን ስለ መደበኛ የመንገደኛ መርከብ መነጋገር ካለባቸው፣ መጀመር ያለባቸው ከመልሱ ጉዞ ነው። ከኤደን ወደ አዲስ አበባ የፍልሰት ድርጅቱ የሚያዘጋጃቸው በረራዎች ብዙዎችን ለቤታቸው አብቅተዋል፤ አውሮፕላን የሚይዘው ሰው ግን የተወሰነ ነው፣ ወረፋውም ረጅም ነው። ጦርነቱ ሳያልቅ መደበኛ መርከብ አይታሰብም የሚል አይጠፋም። የቀይ ባሕር መስመር እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ለንግድ መርከብ እንኳ አስጊ ሆኖ መክረሙ እውነት ነው። ነገር ግን ያው ጦርነት ትንንሾቹን ጀልባዎች አላስቆማቸውም። አደጋው ለሁሉም አንድ ከሆነ፣ ሕጋዊው መንገድ ብቻ የሚዘጋበት ምክንያት አይታይም።

መርከብ ሁሉ ግን መርከብ አይደለም። አል ሰላም ቦካቺዮ 98 የተባለው የመንገደኛ መርከብ ከሳዑዲዋ ዱባ ተነስቶ ወደ ግብፅ ሳፋጋ ሲሻገር፣ የካቲት 3 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. ሌሊት ላይ ሰጠመ። ከ1 ሺህ በላይ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ከሥራ የሚመለሱ ግብፃውያን ነበሩ። የመኪና ማቆሚያው ወለል ላይ እሳት ተነስቶ፣ ለማጥፊያ የተረጨው ውኃ መውጫ አጥቶ እዚያው ተጠራቀመ፤ መርከቡ ባዘመመ ቁጥር ውኃው ወደዚያው እየጎረፈ ጭራሽ ገለበጠው። በዚህ መስመር ላይ የሚሰማራ መርከብ ከማንም አሮጌ ዕቃ ተመርጦ መምጣት የለበትም። የውኃ መውረጃው፣ የሕይወት አድን ጀልባው፣ ከሁሉም በላይ የመንገደኞቹ ስም ዝርዝር ተፈትሾ ነው መነሳት ያለበት።

ከወደቡ በኋላ ያለው መንገድ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በጅቡቲ በኩል የሚነሳው ነጋድ ከሚባለው ጣቢያ ነው። እንዲህ ያለ መርከብ ቢኖር፣ ማታ ከኤደን የተሳፈረ ሰው ጠዋት ጅቡቲ ወርዶ፣ ቲኬት ቆርጦ፣ በድሬዳዋ በኩል ወደ ቤቱ መቀጠል ይችላል።