ስለ ጓሮ አትክልትና ስለ ጨንቻ ፍግ

ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን ስለ ጓሮ አትክልት የጻፈውን በደስታ አንብቤዋለሁ። ተማሪው ከመኝታ ቤቱ ጀርባ ባለው ባዶ መሬት ላይ ጎመንና ቆስጣ፣ ካሮትና ሰላጣ ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያና ያለ ፀረ ተባይ መርዝ ቢያበቅል ለኪሱም ለጤናውም እንደሚበጀው ማሳሰቡ የሚነቀፍ አይደለም። እኔ የምነቅፈው ከጽሑፉ ግርጌ የተዘረዘሩትን የሚገዙ ዕቃዎች ነው። በከረጢት የታሸገ ብስባሽ፣ በጠርሙስ የተሞላ «የተፈጥሮ» ፈሳሽ ማዳበሪያ፣ ከውጭ የመጣ የዘር እሽግ፣ የፕላስቲክ ሣጥን፣ ጓንት፣ መርጫ። ማኅበራችንም ለዚሁ ግዢ ከገንዘቡ ቆርሶ እንዲሰጥ ተጠይቋል፤ በሚመጣው ስብሰባም ድምፅ ይሰጥበታል። እጄን ከማውጣቴ በፊት ሐሳቤን በጽሑፍ ላቅርብ ብዬ ተነሣሁ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከዚህ በፊት አንድ ክበብ ይህንኑ ሞክሮ እንደ ነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ሣጥኑ ተገዛ፣ ከረጢቱ ተቀደደ፣ ፎቶግራፍ ተነሣ። የመጀመሪያው ሰላጣ በእርግጥ ያማረ ነበር፤ እኔም ቀምሻለሁ። ሁለተኛው ግን ቢጫ ሆነ፤ ሦስተኛው አልበቀለም። ከረጢቱ ይዞት የመጣው ምግብ አልቆ ነበርና ሌላ ከረጢት ለመግዛት ደግሞ ገንዘብ አልነበረም። በእነዚያው ሳምንታት ከተማሪዎች ምግብ ቤት ጀርባ በየቀኑ በበርሜል የሚወጣው የድንች ልጣጭ፣ የሽንኩርት ልጣጭና የጎመን ግንድ በመኪና እየተጫነ ይጣል ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ማዳበሪያውን ከፍለን እያስወጣን፣ ማዳበሪያ ከፍለን እናስገባለን።

የእኛ ቋንቋ ራሱ ነገሩን አስቀድሞ የተረዳው ይመስለኛል። ዛሬ በየገበያው «ማዳበሪያ ስጠኝ» ያለ ሰው የሚሰጠው ባዶ ከረጢት ነው። ስሙ ከውስጡ ወጥቶ በመያዣው ላይ ቀረ። እኛም የተማርን ነን ባዮቹ እንደ ገበያው ከረጢቱን ይዘን ቀርተናል።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አግኝቼ አይደለም። ዕረፍት በመጣ ቁጥር የምሄደው ወደ ጨንቻ ነው። ጨንቻን ለማታውቁ፣ ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ተወጥቶ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ግድም ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማነት ወደ አርባ ምንጭ ሳይወርድ በፊት መቀመጫው እዚያ ነበር። ታች አባያና ጫሞ ሐይቆች፣ ሙዝና ማንጎ፣ ሙቀትና ወባ፤ ላይ ጉም፣ ገብስ፣ ቀርከሃ፣ እንሰትና ጋቢ። በአንድ ቀን ከሸሚዝ ወደ ካፖርት ይወጣል።

አያቴ ከጨንቻ ከተማ ትንሽ ወጣ ብለው ይኖራሉ። ባለፈው ክረምት ከዚህ ይዤላቸው የሄድኩትን ባለ ሥዕል የዘር እሽግ ባሳየኋቸው ጊዜ አገላብጠው አዩትና፣ «ልጄ፣ ይህ ምን ይበላል?» አሉኝ። ሥዕሉን እያሳየሁ ሰው የሚበላው ካሮት መሆኑን ላስረዳ ስል ሳቁብኝ። «እሱማ ካሮት ነው። እሱ ራሱ ምን ይበላል ነው የምልህ» አሉ። እኔ ይዤ የሄድኩት ዘር ብቻ ነበር፤ ለዘሩ የሚሆን ቀለብ አልያዝኩም።

በጋሞ ደጋ ጓሮ ማለት ቤቱን የሚከተል ነገር ነው። በነባሩ የቀርከሃ ቤት ከብቶቹ የሚያድሩት ከሰዉ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነው፤ ትንፋሻቸው ቤቱን ያሞቃል። እበቱና የተረገጠው ሣር ጠዋት ጠዋት ተጠርጎ ወደ ጓሮ ይወጣል። ለቤቱ የቀረበው መሬት አብዛኛውን ፍግ ስለሚያገኝ እንሰቱና ጎመኑ እዚያው ይተከላሉ፤ ገብሱና ድንቹ ራቅ ይላሉ። አንድ የአፈር ተመራማሪ ከቤቱ ደጃፍ ተነሥቶ ወደ ማሳው ጫፍ ቢራመድ አፈሩ ከጥቁር ወደ ቀይ ሲለወጥ በዓይኑ ያየዋል። ያ ጥቁር አፈር የተፈጥሮ ስጦታ እንዳይመስላችሁ። የአካባቢው አፈር ዝናብ ያጠበው፣ ኮምጣጣነት የሚያጠቃው ቀይ አፈር ነው። ጥቁሩን የሠራው ሰው ነው፤ በየቀኑ፣ በቅርጫት፣ ለብዙ ትውልድ።

እንሰቱ ደግሞ ለዚህ ሁሉ ድካም ዋጋውን የሚከፍል ተክል ነው። በሀገራችን ወደ 20 ሚሊዮን ሰው ይመገበዋል ይባላል። ማባዛቱም ዘር መግዛት አይጠይቅም። ጥቂት ዓመት የቆየ ተክል ግንዱ ይቆረጣል፤ የሥሩ እምብርት ተፈልፍሎ ይወጣል፤ ጉድጓዱ በአፈርና በፍግ ይሞላል። ከወራት በኋላ ከዚያ ከአንዱ ሥር ዙሪያ በአሥር የሚቆጠሩ ቡቃያዎች ይወጣሉ፤ እነርሱ ተነቅለው ይተከላሉ፣ እንደገናም እየተዛወሩ ይሰፋሉ፤ ቆጮው የሚደርሰው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት በኋላ ነው። በአንድ የትምህርት ዘመን ውጤት ለማየት ለሚቸኩል ክበብ እንሰት እንደማይሆነው አውቃለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ለማንኛውም ጓሮ ይጠቅማል። እንሰትን የሚያደርቀው የአጠውልግ በሽታ በሳይንስ መጽሔት የተመዘገበው በ1960 ዓ.ም. ነው፤ የመዘገቡትም የኛው ሰው ዳኛቸው ይርጉና ባልደረባቸው ብራድበሪ ናቸው። እስከ ዛሬ የሚያድን መድኃኒት የለውም። በሽታው በዋናነት የሚተላለፈው በቢላዋ ነው። አያቴ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ሲያልፉ ቢላዋውን በእሳት ያሳልፉታል፤ የታመመውን ነቅለው ይቀብራሉ እንጂ ለከብት አይሰጡም፤ ከማያውቁት ጓሮ ችግኝ አይቀበሉም። እኛ ደግሞ የአንዱን የታመመ ቲማቲም በቆረጥንበት መቀስ የሁሉንም ቅርንጫፍ እናስተካክላለን። ኋላ «መርዝ ካልተረጨ አይሆንም» ይባላል።

ስለ ጨንቻ ሲነሣ ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ አፕሉ ነው። አፕል ወደዚያ የገባው በ1950ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሚስዮናውያን እጅ ሲሆን ዛሬ ፍሬውም ችግኙም ገበያ አለው። ችግኝ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ሦስት ነገር ዕወቁ። አንደኛ፣ አፕል ብርድ ካልጠገበ በደንብ አያብብም፤ ስለዚህ ጨንቻ ያፈራውን አርባ ምንጭ ላይ ብትተክሉት ቅጠል ብቻ ታገኛላችሁ። ሁለተኛ፣ አብዛኛው ዝርያ ከሌላ ዝርያ የአበባ ዱቄት ካልደረሰው ፍሬ አይዝም፤ ሁለት ዓይነት ጎን ለጎን ይተከል። ሦስተኛ፣ በእኛ ሀገር ዛፉ እንደ አውሮፓ ክረምት መጥቶ ቅጠሉን ስለማያራግፍለት ገበሬው በእጁ እየለቀመ ያራግፍለታል፤ ዛፉም «ክረምቱ አለፈ» ብሎ ያብባል። ዛፍን እንዲህ አድርጎ ማታለል ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ዕድሉን ያገኛችሁ ሞክሩት።

ይህን ሁሉ ስል ጨንቻን ገነት አድርጌ ልሸጥላችሁ አይደለም። እንዲያ ያደረግሁ እንደሆነ ከከረጢት ሻጩ በምን ተሻልኩ? ያ ፍግ በአብዛኛው የሚወጣው በሴቶችና በልጆች ጀርባ ነው። ወንዱ በሁለት ጥርስ መቆፈሪያ ዳገቱን ይቆፍራል፤ ብዙው ደግሞ ሸማ ለመሥራት ወጥቶ ሽሮ ሜዳ ነው ያለው። እኛ በበዓል ቀን የምንለብሰውን ጋቢና ነጠላ የሠራው ሰው ጓሮው በሚስቱ ቅርጫት እንደሚቆም አስበን እናውቃለን? መሬቱ ለልጆች እየተከፋፈለ ሲያንስ ግጦሹ ያንሳል፤ ግጦሹ ሲያንስ ላሟ ትሸጣለች፤ ላሟ ስትሸጥ እንሰቱ ይከሳል። የቀረውን መሬት ባሕር ዛፍ ይወስደዋል፤ ባሕር ዛፍ ፍግ አይጠይቅምና። አያቴ ዱሮ አራት ከብት ነበራቸው፤ ዛሬ አንዲት ላም ናት ያለችው። ከቤቱ ራቅ ያሉት የእንሰት ረድፎች መቅጠናቸውን ባለፈው ክረምት በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ «የፋብሪካ ማዳበሪያ ኃጢአት ነው» ብሎ መስበክ የጠገበ ሰው ስብከት ነው። ግን ደግሞ ሀገራችን ዩሪያውን ከውጭ እየገዛች ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲነሣ ዋጋው እንዴት እንደ ናረ፣ ገበሬውም ምን እንደ ደረሰበት ሁላችንም ሰምተናል። በአንዲት ላምና በውድ ዩሪያ መካከል የቆመ ሰው የሚያስፈልገው ካለችው ላም፣ ከቅጠሉና ከአመዱ የበለጠ ማዳበሪያ የሚያወጣበት ዘዴ ነው።

ዘዴው ደግሞ አለ። አልበርት ሃዋርድ የሚባል እንግሊዛዊ የእርሻ ሊቅ የሕንድን ገበሬ ሊያስተምር ሄዶ ከሕንድ ገበሬ ተማረ፤ ኢንዶር በተባለ ስፍራ እበትን ከገለባና ከቅጠል ጋር ደርድሮ የማብሰሉን ሥራ በሥርዓት አዘጋጅቶ ጻፈው። እ.ኤ.አ. በ1940 ያሳተመው መጽሐፍ ዛሬ «ኦርጋኒክ» ለሚባለው ሁሉ እንደ መሠረት ይቆጠራል። በእኛም ሀገር ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በትግራይ ከገበሬዎች ጋር በብስባሽ ላይ ሠርተዋል፤ ሰውየው በዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ የዕፀዋት ሊቅ ነበሩ፤ እጃቸውን እበት ውስጥ ማግባት አላሳፈራቸውም። እንግዲህ የገበሬው ዕውቀት ባሕር ተሻግሮ፣ በመጽሐፍ ታትሞ፣ በከረጢት ታሽጎ ተመልሶ ሲመጣ እኛ የከረጢቱን ዋጋ ለመክፈል ስብሰባ እንጠራለን።

ወደ ግቢያችን ልመለስ። ግቢያችን ላም የለውም፤ «ላም አለኝ በሰማይ» እንዳይሆንብን በሌለን ነገር አንመካ። ያለን የምግብ ቤት ልጣጭ፣ የዛፍ ቅጠል፣ የታጨደ ሣርና አመድ ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ፣ ቁመቱም ያንኑ የሚያህል ክምር ይበቃል፤ ከዚያ ካነሰ ሙቀት አይዝም። ከሥር ጭራሮ ይነጠፋል፣ አየር እንዲገባ። ከዚያ ደረቅና እርጥብ እየተፈራረቀ ይደረደራል፤ እርጥቡ አንድ ቁና ከሆነ ደረቁ ሁለት ወይም ሦስት ቁና ይሁን። ደረቅ ነገር ቢጠፋ ያልተሸጡት የዚህ መጽሔት ቅጂዎች ተቀዳደው ቢገቡ አዘጋጆቹ የሚቀየሙ አይመስለኝም። የባሕር ዛፍ ቅጠል አይብዛ፤ ቶሎ አይበሰብስም። ዘይት የነካው ወጥ፣ ሥጋና አጥንት አይግባ፤ አይጥና ውሻ ይጠራል። የቡና አተላ፣ የሻይ ቅጠል፣ የእንቁላል ቅርፊት ይግባ። አመድ በስሱ ይነስነስ እንጂ አይከመር። ከብት ካለበት ሰፈር አንድ ጆንያ እበት ቢገኝ እንደ እርሾ ያገለግላል፤ ትኩሱን ግን ከተክል ሥር እንዳታደርጉት፤ ያቃጥለዋል። የዶሮ ኩስማ ከሁሉ የባሰ ኃይለኛ ነው።

እርጥበቱን ለማወቅ እፍኝ አንሥቶ መጭመቅ ነው፤ ውሃ ከተንጠባጠበ በዝቷል፣ እጅ ውስጥ ከፈረሰ አንሷል። ሽታው መጥፎ ከሆነ ደረቅ ይጨመርበት። መካከሉ ላይ እንጨት ይሰካ፤ በየጊዜው ሲወጣ ሞቆና ወዝቶ ከተገኘ ክምሩ እየሠራ ነው፤ ከቀዘቀዘ ይገልበጥ። በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ እየተገለበጠ በሦስትና በአራት ወር ጥቁር፣ የዝናብ ሽታ የሚሸት አፈር ይሆናል። በጎመኑ ላይ ክሽክሽ ቢወጣ ጥቂት ሳሙና በውሃ ቀልጦ ቅጠሉ ሥር ሥሩን ይረጭ፤ መርጫ ባይኖር ክዳኑ የተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል። ጎመኑም በየዓመቱ አንድ ቦታ አይተከል፤ ባቄላና አተር ይፈራረቁት።

ስለዚህ ለስብሰባው የማቀርበው ይህ ነው። የተጠየቀው ገንዘብ ለከረጢት አይውል። ከእርሱ ላይ ለሁለት አካፋ፣ ለአንድ መንሽና ለአራት ባልዲ ብቻ ይፈቀድ፤ የምግብ ቤቱ ኃላፊም ልጣጩ ከተረፈው ወጥ ተለይቶ እንዲቀመጥ በማኅበሩ ስም ይጠየቁ። ቦታውን ተመልክቻለሁ፤ ከልብስ ማጠቢያው በስተ ጀርባ ጥላ ያለበት ስፍራ ነው። ስብሰባው ቢፈቅድም ባይፈቅድም ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቅጠል ስጠርግ ታገኙኛላችሁ። ባለፈው እትም የጻፈውም ወንድማችን ቢመጣ ጓንቱን ይዞ ይምጣ፤ እሱን አልነቅፍም።