አፋኝ ውሃ ያተረፋት አሣ

አንባቢ ሆይ፥ ደንገል የሞላው ረግረግ ለአሣ እንኳ የሚያፍን ነው። የሚበሰብሰው ቅጠል ኦክሲጅኑን ይጨርሰዋል፤ ጥቅጥቅ ያለው ዘንግም ነፋስ ውሃውን እንዳያናውጥ ይከለክላል። ሆኖም በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ጣት የምታህል አንዲት አሣ ትኖርበታለች። ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ የምታሳድግ ጉደኛ ናት! መተንፈሻ ስንጥቧ በወንዝ ከምትኖረው ዘመዷ ይልቅ ሰፊ ነው። ጫጩቶቹ ኦክሲጅን ባነሰው ውሃ ሲያድጉ ስንጥባቸው ይሰፋል፤ በዘር የሚወረስም ልዩነት አለ። በዚያው ልክ አንጎላቸው አነስ ይላል።

ይኸው አፋኝ ውሃ ግን መሸሸጊያ ሆናት። ሰው ወደ ሐይቁ ያስገባው ናይል ፐርች የተባለ ትልቅ አሣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ብዙ የአሣ ዓይነት ሲያጠፋ፥ እርሱ ብዙ ኦክሲጅን የሚሻ ነውና ደንገሉ ውስጥ ሊከተላት አልቻለም። ደንገሉን ለእርሻ የመነጠሩ ሰዎች ግን በሩን ይከፍቱለታል።